የፓይን ዕቃ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱን የቤት ዕቃ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፓይን እንጨት ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸውን ሦስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የፓይን የምግብ ጠረጴዛ አለን። እሁድ እሁድ ቡናው የሚቀርበው እዚያው ላይ ስለሆነ ከጀበናውና ከሲኒዎቹ ሥር ነጫጭ ክቦች ወጥተውበታል። ጎረቤቴ የምግብ ዘይት ቀቢው ትለኛለች። እውነት ይሠራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዘይቱን ተይው እህቴ። የምግብ ዘይት እንጨት ላይ በደንብ አይደርቅም። መጀመሪያ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ሲቆይ ደግሞ ይሸታል። እሱን ማስለቀቅ ከክቦቹ የባሰ ሥራ ነው።

ክቡ ነጭ መሆኑ ጥሩ ነው። እርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ ቀረ እንጂ እንጨቱ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ሁለት ሦስት ቀን ሳትነኪው ቆዪ፣ አንዳንዱ በራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ ንጹህና ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አልብሺው፣ ካውያውን ያለ እንፋሎት በዝቅተኛ ሙቀት ለጥቂት ሰከንድ አሳርፊበት፣ አንስተሽ እዪው፣ እንደገና ሞክሪ። እባክሽ አትቸኩዪ፤ ሙቀቱ ከበዛ ቫርኒሹ ያብጣል፣ ያኔ መመለሻ የለውም። ክቡ ጥቁር ቢሆን ኖሮ ግን ውሃው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነበር፤ ያኔ ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት አንስቶ፣ ከ120 ቁጥር ጀምሮ በ180 አልፎ በ220 እየጨረሱ፣ ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ መፋቅና እንደ አዲስ መቀባት ነው። መስመሩን አቋርጠሽ ከፋቅሽው ጭረቱ ከቫርኒሹ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከእንግዲህ ከጀበናው ሥር ማቶት ይኑር። ሌላም ነገር አለ፣ ማንም ልብ አይለውም፦ በበዓል ቄጠማ ስትጎዘጉዢ የጠረጴዛው እግሮች እርጥቡ ሣር ላይ እንዳይቆሙ። የእግሩ ጫፍ እንጨቱ የተቆረጠበት ስለሆነ ውሃ የሚመጠው ከየትኛውም ጎን በላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቫርኒሽ አልነካውም። ጠረጴዛውን ገልብጣችሁ ጫፎቹን ቫርኒሽ ቀቡና ከሥራቸው ወፍራም ጨርቅ ለጥፉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። አልጋዬን አናጺ በፓቱላ ሠርቶልኝ ነበር። አሁን ከእንጨቱ ዓይኖች የሚያጣብቅ ነገር እየወጣ አንሶላዬን አበላሸው። ከሥሩም ዱቄት የመሰለ ነገር አያለሁ። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ እናቴ፣ የሚያጣብቀው ሙጫ ነው። ፓቱላም ከፓይን ወገን ነው፣ ዘሩ ከሜክሲኮ የመጣ ሲሆን እናንተው አካባቢ በሻሸመኔና በሙነሳ ደን በብዛት ተተክሏል። እንጨቱ በበቂ ሙቀት ሳይደርቅ ሲሠራ ሙጫው ፈሳሽ እንደሆነ ውስጡ ይቀራል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አልጋውን ከመስኮቱ ያርቁት። የደረቀውን ሙጫ በፕላስቲክ ነገር ቀስ አድርገው ይፋቁ፣ የቀረውን አልኮል በነካ ጨርቅ ይጥረጉ፤ አልኮል አንዳንዱን ቅብ ስለሚያለሰልስ ግን አስቀድመው በማይታይ ቦታ ይሞክሩት። ከዚያ አናጺው ዓይኖቹን ፍቆ ሼላክ (ሙጫውን የሚያግድ ቅብ) ይቀባቸው፣ ቫርኒሹ ከላይ ይምጣ። ሙጫው ላይ ቫርኒሽ ብቻ ከተደረበ ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል፤ አናጺው በዚህ እንዲስማማ ያድርጉ።

ዱቄቱ ያሳስበኛል። ጠርገው ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ያንጥፉና ሳምንት ያህል ይጠብቁ። አዲስ ዱቄት ከወደቀ፣ በተለይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አጠገቡ ካለ፣ ነቀዙ በሕይወት አለ። የሚገዙት የነቀዝ መድኃኒት እንጨቱ ራቁቱን ሲሆን ነው የሚገባው፣ ቫርኒሽ ያግደዋል፤ ስለዚህ የተበላው ቦታ ቅቡ መነሳት አለበት። መድኃኒቱ እስኪደርቅና ሽታው እስኪለቅ ድረስ ሌላ ክፍል ይተኙ። የጭቃ መስመር ግድግዳው ላይ ካዩ ግን ምስጥ ነው፤ ያኔ ችግሩ ከአልጋው ሳይሆን ከቤቱ ስለሆነ ባለሙያ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ከኢኬያ የቤት ዕቃ መደብር ኢቫር የሚባለውን የፓይን መደርደሪያ ገዝቼ ምንም ሳልቀባው ቆየሁ። አሁን ቢጫ ሆኗል፣ እዚህም እዚያም ጎድጉዷል። ይድናል? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ቢጫነቱን መመለስ ይቻላል፣ ማቆም ግን አይቻልም፤ ፓይን ብርሃን ሲያየው የማር ቀለም ይይዛል። መጽሐፎቹን አልፎ አልፎ ካላዘዋወርካቸው ጥላቸው ታትሞ ይቀራል። መጎድጎዱም የፓይን ጠባይ ነው። የእንጨት ጥንካሬ በሚለካበት በጃንካ መለኪያ (ቁጥሩ ሲበዛ እንጨቱ ጠንካራ ነው) ነጭ ፓይን 380 ሲሆን ቀይ ኦክ 1290 ነው። ደግነቱ ያንተ አልተቀባም፦ በጎደጎደው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርግበት፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰህ በሙቅ ካውያ ጫን በለው። የተጨፈለቀው እንጨት በእንፋሎቱ አብጦ ይነሳል። የተቆረጠ ከሆነ ግን አይነሳም።

ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈቅተህ ዘይት ወይም የንብ ሰም ቀባው። የክረምት ማሞቂያ እንጨቱን ስለሚያደርቀው መደርደሪያውን ከራዲያተሩ አርቀው፣ ካልሆነ ይሰነጠቃል። የተልባ ዘይት ከተጠቀምክ የቀባህበትን ጨርቅ አጣጥፈህ ቆሻሻ ውስጥ አትጣለው። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፣ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ከድነው።