እህል ሲወደድ ገበሬው ይከብራል? ከአዳማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ዋጋ ንረትና ስለ ገበሬው ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እህል ሲወደድ ገበሬው ይጠቀማል አይደል?

ትርፍ ምርት ያለው ይጠቀማል። ብዙው ግን ጥር ላይ ዕዳ ለመክፈል በርካሽ ይሸጣል፤ ክረምት ሲገባ ራሱ ሸማች ነው። በ2000 ዓ.ም. ንረቱ ከ60 በመቶ ሲያልፍ እንዲህ ያለው ገበሬ ከከተሜው እኩል ተጎድቷል።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ዋጋ ቢወርድ ይሻለው ነበር?

በፍጹም! 1994ን አስታውሱ። ሁለት ዓመት ተከታታይ ጥሩ ምርት ተገኘ፤ የበቆሎ ዋጋም አፈር በላ። ዳፕና ዩሪያ የተባሉትን ማዳበሪያዎች በዱቤ የወሰደው ገበሬ ዕዳ ግን አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። ያንኑ ዕዳ ለመክፈል ከበፊቱ ብዙ እጥፍ በቆሎ መሸጥ ነበረበት። የማጓጓዣውን እንኳ አያወጣም ብሎ ሰብሉን ማሳ ላይ የተወ አለ። በሬውን ሸጦ የከፈለም አለ። በሬ የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ዓመት በምን ይረስ? በዚያው ላይ በ1995 ድርቅ መጣ። ስለ ንረት ብቻ እየተወራ ይህ መረሳቱ በጣም ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ አባቴ በደርግ ጊዜ ዋጋ የተረጋጋ ነበር ይላሉ።

የቀበሌ ሱቅ ደንበኛ ለነበረ ከተሜ፣ አዎ። ሒሳቡን የከፈለው ግን ገበሬው ነው። የመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ ይረከበው ነበር። ኮታው ያልሞላለት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። ይህ የቀረው በ1982 ነው።

ጥያቄ፦ የባንክ ወለድስ?

የእኛን ገበሬ በቀጥታ ብዙም አልነካውም፤ የባንክ ብድር መቼ ደርሶት። አሜሪካ ግን የማዕከላዊ ባንኩ ሊቀ መንበር ፖል ቮልከር ንረቱን ለመስበር ገንዘቡን ሲያጠብቅ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ወለድ ከ20 በመቶ አለፈ። መሬቱን አስይዞ የተበደረ ብዙ ገበሬ እርሻውን ተነጠቀ።

ጥያቄ፦ ብር ሲዳከምስ?

በ1985 ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲገባ፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ቡና አምራቹ የተሻለ ዋጋ የማግኘት ዕድል ነበረው። የሉሜ ወረዳ ጤፍ አምራች ግን ጤፉን በእህልነቱ ወደ ውጭ መላክ አይፈቀድለትም። ማዳበሪያው ደግሞ የሚገባው በዶላር ስለሆነ ይወደድበታል።