መልስ፦ ለድሮ የዶርም ጓደኛ ምን ብዬ ልጻፍ?

«አዳሪ ትምህርት ቤት አብሮኝ ለኖረ ጓደኛዬ ከ20 ዓመት ዝምታ በኋላ ምን ብዬ ልጻፍ?» ላልከው፣ በይቅርታ አትጀምር። ሁለታችሁ ብቻ በምታውቁት አንድ ትንሽ ትዝታ ጀምር። «መብራት ከጠፋ በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቀን በእጅ ባትሪ ስናጠና የተያዝን ቀን ትዝ ይልሃል?» በቃ፣ ይኸው ነው። «ሰላም፣ ጠፋህ» ብቻ ካልከው «አለሁ፣ አንተስ?» ይልህና ወሬው እዚያው ያልቃል።

የዶርም ጓደኛ ከክፍል ጓደኛ ይለያል። ሲያምህ አይቶሃል። ቤት ናፍቆህ ማታ ስታለቅስ ከላይኛው አልጋ ሰምቶ ለማንም ሳይናገር አድሯል። እንዲህ የሚያውቅህ ሰው ስንት አለህ? ስለዚህ አትፍራ። ምናልባት እሱም እንዳንተው «ምን ብዬ ልጻፍለት» እያለ ይሆናል።

የድሮ ፎቶ ካለህ አብረህ ላክለት። ሲመልስልህ ደውል፤ ሳቁን ስትሰማ የቀረው ወሬ ራሱ ይመጣል። የድሮ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ እሱን ለጊዜው ተወው። 60 ሰው ፊት ልቡን የሚከፍት የለም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ የአልጋ ጎረቤቴን ከዓመታት በኋላ ሳገኘው በድሮው ቅጽል ስሙ ጠራሁት፣ ያውም ልጆቹ ፊት። እኛ የሳቅንበት ስም እሱን ሲያቆስለው እንደኖረ የገባኝ ያን ቀን ነው። ይቅርታ ጠይቄው ዛሬም ወዳጆች ነን፤ የዚያን ቀን ፊቱ ግን አይረሳኝም። አንተ በስሙ ጥራው። ቅጽል ስሙን እሱ ራሱ ካነሳው፣ ያኔ አብራችሁ ትስቃላችሁ።