በአባትሽ የጡረታ ገንዘብ 300 ጫጩት አትግዢ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በሂሳብ አያያዝ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልገሻል፤ አልተሳካም። ጓሯችሁ ሰፊ ስለሆነ እንቁላል ጣይ ዶሮ ለማርባት አስበሻል። አባትሽ ሐሳቡን ከመውደዳቸው የተነሳ ካንቺ በላይ ቸኩለዋል። «ከገባሽ አይቀር በትልቁ ግቢ» ብለው ጡረታቸውን አውጥተው 300 የአንድ ቀን ጫጩት ሊገዙልሽ ነው። አክስትሽ ደግሞ «ይሄ ሁሉ ትምህርት ለዶሮ ነው?» ይላሉ። የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነው፦ ሥራው ለወደፊት ቅጥር ይጠቅመኛል ወይ፣ አክስቴን ምን ልበላቸው፣ አውራ ዶሮስ ያስፈልገኛል ወይ። ስለ 300ው ጫጩት ግን አልጠየቅሽኝም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

በግልጽ ልንገርሽ። አባትሽ ይህን የሚያደርጉት ስለሚወዱሽ ነው፤ ግን ልክ አይደሉም። ዶሮ ይዞ የማያውቅ ሰው በ300 ጫጩት አይጀምርም። ያውም ቢጠፋ በማይተካ ገንዘብ! አንቺ ወጣት ነሽ፣ ብትከስሪ ሠርተሽ ትመልሻለሽ። እሳቸው ግን ከየት ያመጡታል?

ሂሳብ ተምረሻል፤ አብረን እናስላው። ጫጩት አድጋ እንቁላል መጣል እስክትጀምር ከ18 እስከ 22 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ አንዷ ወደ 7 ኪሎ መኖ ትጨርሳለች። ለ300 ሲሆን 21 ኩንታል ነው። ይህ ሁሉ የሚወጣው አንድም እንቁላል ሳይገኝ ነው። መጣል ሲጀምሩ ደግሞ እያንዳንዷ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ በጠቅላላው በቀን ከ30 እስከ 36 ኪሎ ማለት ነው። በእንቁላል ሥራ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚወስደው መኖ ነው። መኖ ቢወደድ ወይም ገዢ ቢጠፋ ዶሮዎቹን «እስከ ሰኞ ታገሱ» አትያቸውም።

ገቢው ላይም ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ አለ። የዶሮዎቹን ቁጥር በ365 ያባዛና ትርፉን አስልቶ ይቀመጣል። አንድ እንቁላል በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ተሠርቶ ለመውጣት ከ24 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የትኛዋም ዶሮ ሳታቋርጥ በየቀኑ አትጥልም። በደንብ የተያዘች ምርጥ ዝርያ በዓመት ወደ 300 ትጥላለች። አንድ ዓመት አካባቢ ከጣለች በኋላ ላባዋን ትቀይራለች። ያኔ ለሁለትና ለሦስት ወር መጣሏን ልታቆም ትችላለች፤ መብላቷን ግን አታቆምም። የአባትሽ ዕቅድ ውስጥ እነዚህ ወራት አሉ? በደብዳቤሽ አላየኋቸውም።

ጫጩት ማሳደግ ራሱ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ እየቀነስሽ ላባቸው እስኪሞላ ትጠብቂያቸዋለሽ። ሌሊት ማሞቂያው ቢጠፋ ሙቀት ፍለጋ አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራሉ፤ ከሥር ያሉት ታፍነው ያድራሉ። ይህን በ300 ጫጩት ላይ መማር የለብሽም።

የኔ ምክር ይኸው። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 18 ሳምንት የሆኑ፣ ሊጥሉ የደረሱ 10 ቄቦች ግዢ። የተከተቡ መሆናቸውን ከነክትባት መዝገባቸው ጠይቂ። በተለይ ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ አትናቂው። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ በጥቂት ቀናት ሊጨርሰው ይችላል፤ መድኃኒትም የለውም፤ ያለው መከላከያ ክትባት ነው። ቀጣዩ መቼ እንደሚደገም የአካባቢሽን የእንስሳት ሐኪም ጠይቂና ቀኑን ጻፊው።

ለአስሩ 3 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ነፋስ የሚያገኝ ግን ዝናብ የማያስገባ ቤት ይበቃል። ቀን የሚወጡበት በሽቦ የታጠረ ቦታ ጨምሪላቸው። ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲሜትር ስለሚያስፈልግ ቆጡ 2 ሜትር ይሁን። ጨለም ያሉ ሁለት ወይም ሦስት የመጣያ ሳጥኖች አድርጊላቸው። ሽቦው ጥቅጥቅ ያለ ይሁን፤ ሸለምጥማጥና አይጥ በማታስቢው ቀዳዳ ይገባሉ። ከሁሉ በላይ ወለሉ ላይ የምታነጥፊው ጉዝጓዝ ይድረቅ። ቤቱ ውስጥ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ከሸተተሽ ጉዝጓዙ ርሷል ማለት ነው። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው ደም የሚያስቀምጥ በሽታም እርጥበት ይወዳል። ንጹሕ ውሃ አይቋረጥባቸው። አንድ ቀን ውሃ ያጣች ዶሮ እንቁላሏን ለቀናት ልትቀንስ ትችላለች።

መኖውም እንደየዕድሜያቸው ይለያያል። የአንድ እንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይይዛል። ከመኖው ካላገኘችው ከገዛ አጥንቷ ትወስዳለች። ስለዚህ መጣል ሲጀምሩ የጣይ ዶሮ መኖ ስጫቸው። ይኸው መኖ ለጫጩት ቢሰጥ ግን ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

አስር ዶሮ ስትይዢ እያንዳንዷን ታውቂያታለሽ። ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ላባዋን ነፍታ ጥግ የያዘችውን፣ ጅራቷን የጣለችውን፣ ጠዋት በር ሲከፈት ወደኋላ የቀረችውን ማየት በዓይን ልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። ይህን ዓይን ሳታዳብሪ 300 ብትይዢ የታመመችዋን የምታያት ሌሎቹን ካስያዘች በኋላ ነው። በኋላ አዲስ ዶሮ ስትጨምሪም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻ አቆይተሽ ቀላቅያት።

ደብተር ያዢ። በየቀኑ የበሉትን መኖ፣ የጣሉትን እንቁላል፣ የታመመ ካለ፣ ያወጣሽውን ወጪ ጻፊ። የራስሽን ጉልበትም ሂሳብ ውስጥ አስገቢ፤ ቤተሰብ ይህን ወጪ አይቆጥረውም፣ አንቺ ግን ቁጠሪው። ላባ የሚቀይሩበትን ጊዜ ጨምሮ አንድ ሙሉ ዙር እስኪያልቅ አትስፊ። ከዚያ በኋላ 50 ወይም 100 ልያዝ ካልሽ በራስሽ ቁጥር ተመርኩዘሽ ትወስኛለሽ።

እስከዚያው ሥራ መፈለግሽን አታቁሚ። ግን የምታመለክችበትን ቦታ ቀይሪ። የዶሮ እርባታዎች፣ የጫጩት ማስፈልፈያዎችና የመኖ ማቀነባበሪያዎች የሂሳብ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ የመጀመሪያ ደመወዜን ያገኘሁት በአንድ እርባታ መኖ እየመዘንኩ ነው። ትርፍ በየት በኩል እንደሚያፈስ ያየሁት እዚያ፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ነው። በሌላ ሰው ገንዘብ፣ ደመወዝ እየበላሽ የምትማሪበት ቦታ ካገኘሽ እሱን አስቀድሚ። አስሩ ዶሮ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጊዜ ከሰጠሻቸው፣ ቀን ላይ ዓይኑን የሚጥልባቸው ሰው ቤት ካለ፣ ከቅጥር ጋር አብረው ይሄዳሉ።

አባትሽን ፊት ለፊት እምቢ ማለት እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ግን እምቢ በያቸው። «አባዬ፣ ገንዘቡን ያስቀምጡት፤ የዶሮ ቤቱን አብረን እንሥራ» በያቸው። ሊረዱሽ የፈለጉ አባት እጃቸውን ባዶ አታድርጊው፤ መዶሻውን አቀብያቸው። ቅር ቢላቸውም ቅሬታው ያልፋል። የጠፋ ጡረታ ግን በየቀኑ ገበታ ላይ አብሯችሁ ይቀመጣል።

የቀሩትን ባጭሩ ልመልስልሽ። ለቅጥር ይጠቅምሻል፤ አንድ ዓመት ሙሉ የተያዘ የወጪና ገቢ መዝገብ ለእርባታ ቀጣሪ ከሁለት ዓመት ባዶ ቦታ የተሻለ ነው። ለአክስትሽ መልስ አትፈልጊ፤ እሳቸው መኖ አይገዙልሽም፣ ደመወዝም አይከፍሉሽም። አውራ ዶሮ ደግሞ አያስፈልግሽም። ሴቶቹ ያለ እሱ ይጥላሉ፤ እሱ የሚያስፈልገው ጫጩት ማስፈልፈል ስትፈልጊ ብቻ ነው።