ቶም ጄሪን ማባረር ሲያቆም

የደረሰኝን ደብዳቤ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«የ8 ዓመት ልጄ ቶም እና ጄሪ ነፍሷ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ታሪኩን እየቀየረች ደብተር ላይ መጻፍ ጀምራለች። እስካሁን 14 ተከታታይ ክፍል ጽፋለች። በእሷ ታሪክ ቶም ጄሪን አያባርረውም። ጄሪ ሆን ብሎ አይብ ይዞ ጉድጓዱ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፣ ቶም ግን ተራምዶት ያልፋል። አንዲት ጉንዳን በመሃላቸው መልእክት ታመላልሳለች። ማታ ማታ ለታናሽ ወንድሟ ስታነብለት ያለቅሳል። እሷ ደግሞ ‹የኔ ይበልጣል፣ ያኛው የሕፃን ነው› ትላለች። ከታሪኩ አልወጣ ብላ ‹ለአባትሽ ራት ቀርቧል በይው› ስላት እንኳ አትሰማኝም። እኔና ባለቤቴ ልጆች ፊት አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሐዘን ከየት መጣ? ካርቱኑን ልከልክላት?»

አትከልክያት እህቴ። የጠየቅሽኝን መለስኩልሽ። የቀረውን ቦታ ላልጠየቅሽኝ ነገር እፈልገዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ካርቱኑ። ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ድመቱንና አይጡን የፈጠሯቸው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። እስከ 1958 ድረስ 114 አጫጭር ክፍሎች ሠርተውላቸዋል። ልብ ብለሽ እንደሆነ ሁለቱ እምብዛም አይናገሩም። የቤቱ ትልልቅ ሰዎችም አብዛኛውን ጊዜ እግራቸው እንጂ ፊታቸው አይታይም። ቤቱ የሚታየው ከታች ከወለሉ ነው፣ በልጅ ቁመት። ቶም በመጥበሻ ተመትቶ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ወዲያው ድኖ ይሮጣል። ልጆችን የሚያስቃቸው ይሄ ይመስለኛል። ጠቡ ያልቃል፣ ማንም የተሰበረ ሆኖ አይቀርም።

በ1943 በወጣ አንድ ክፍል ላይ ደግሞ ጄሪ ተንኮል ሠርቶ ቶምን ከቤት ያስባርረዋል። በደስታ ይፈነጥዛል። ትንሽ ቆይቶ ግን ቤቱ ጭር ይልበታል። ያ ሲያሳድደው የኖረ ድመት ይናፍቀዋል። መጨረሻ ላይ ከራሱ ከቶም ጋር ዶልቶ ይመልሰዋል። ልጅሽ ይህን ክፍል አየችውም አላየችውም፣ ነገሩ ገብቷታል። አብሮህ የሚኖር ሰው ሲያሳድድህ ቢያንስ ያይሃል። ተራምዶህ ሲያልፍ ግን የለህም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው ያለው። አንዱ «ተጣልተን አናውቅም» ያልሽበት ነው። ሌላው «በይው» ያልሽበት። ሰውየው እዚያው ቤት ውስጥ ነው አይደል? ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን ስንት እርምጃ ነው?

ልሳሳት እችላለሁ። ልጅ የሚጽፈው ሁሉ የቤቱ ገመና አይደለም፣ አንዳንዴ ጉንዳን ጉንዳን ብቻ ናት። ግን እኔ ባየኋቸው ክፍሎች ሁሉ መልእክተኛ ጉንዳን የለችም። ልጅሽ ናት ያስገባቻት።

እኛ ኩርፊያን እንደ ጨዋነት ነው የምንቆጥረው። ድምፅ አልወጣ፣ ጎረቤት አልሰማ፣ ሳህን አልተሰበረ። «ለልጆቼ ስል ነው ዝም ያልኩት» የሚሉኝ እናትና አባት ብዙ ናቸው። ልጅ ግን በሩ እንዴት እንደተዘጋ ይሰማል። ቲቪው ለምን ከፍ እንዳለ ያውቃል። ማንም ምክንያቱን ስለማይነግረው ራሱ ይፈጥራል። ብዙ ጊዜ የሚፈጥረው ምክንያት ደግሞ «በኔ ነው» የሚል ነው። ማርክ ከሚንግስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ልጆች የአዋቂዎችን ጠብ ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ ለረጅም ዓመታት አጥንቷል። ልጆቹን ድምፅ የሌለው ቁጣም ይረብሻቸዋል። ጠቡ ሲፈታ ያዩት ግን ይረጋጋሉ። ስለዚህ ቅር አይበልሽና፣ ልጆችሽ ያላዩት ጠባችሁን አይመስለኝም። እርቃችሁን ነው።

እኔ ባደግኩበት ቤት «ለአባትህ ንገረው» የሚባለው አባቴ እዚያው መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቃሉን አንድም ሳላጎድል አደርስ ነበር፣ ቁጣውን ግን ቀንሼ። ለሙያዬ ጠቅሞኛል። ለእንቅልፌ አልጠቀመኝም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልፈርድም፣ የሱን ወገን አልሰማሁም። ግን ዛሬ ማታ ጉንዳኗን ዕረፍት ልትሰጫት ትችያለሽ። ራት ሲቀርብ ራስሽ ጥሪው። «ና ብላ» ሁለት ቃል ነው። ላይመልስልሽ ይችላል። የወራት ኩርፊያ በአንድ ራት አይፈታም፣ ታገሺ። ከተስማማችሁ አብራችሁ የጋብቻ አማካሪ ፊት ለፊት ብታገኙ እመርጣለሁ፣ ይሄ በደብዳቤ የሚያልቅ አይመስለኝም። ያ ካልሆነም ሁለታችሁ የምታከብሩት ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት አይጠፋም። ከዝምታው ጀርባ ፍርሃት ወይም ዱላ ካለ ግን ያልኩሽን ሁሉ ተዪውና መጀመሪያ ብቻሽን ሄደሽ ባለሙያ አማክሪ። ልጅቷም እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከዘጋት ወይም ትምህርት ቤት መሄድ ከጠላች የሕፃናት ባለሙያ ይያት።

ታሪኩን በተመለከተ፣ «ጉንዳኗ አንቺ ነሽ?» ብለሽ እንዳታፋጥጫት። ደብተሯን ይዛ ስትመጣ አጠገቧ ተቀመጪ። አባቷም ካለ ቲቪውን ቀንሶ ይስማ። 15ኛውን ክፍል አንብባ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያት፦ ጉንዳኗ ማታ የት ነው የምታድረው?