የፀጉር መቁረጫ ማሽኑ እየጮኸ ምላጩ አልንቀሳቀስ ካለ

ድምፅ እያሰማ ምላጩ ብቻ ከቆመ ሞተሩ አልተቃጠለም፤ አዲስ ለመግዛት ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ድረስ አይሂዱ። ከሶኬት ይንቀሉት፣ ምላጩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ይፍቱ፣ ከዚያ ያለ ምላጭ ያብሩት።

ምላጩን የሚገፋው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ ያለው ምላጩ ላይ ነው። በጥርሶቹ መካከል የተጋገረውን ፀጉር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያስለቅቁ። መልሰው ሲገጥሙ ምላሱ በላይኛው ምላጭ ቀዳዳ ውስጥ መግባቱን በዓይንዎ ይዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የላይኛው ምላጭ ጥርስ ከታችኛው ጥቂት ወደ ኋላ ይሁን፤ አለበለዚያ የደንበኛዎን አንገት ይቆርጣል።

ምላሱ ራሱ ከደከመና ማሽኑ በቀጥታ በመብራት የሚሠራ ከሆነ፣ በጎኑ ያለችውን ብሎን በዝግታ ያዙሯት። መንኳኳት ሲጀምር ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በጥቂቱ ይመልሱ። ማታ መብራቱ ሲደክም ግን ደህናው ማሽንም ያንቀላፋልና ጠዋት ሳይሞክሩ አይፍረዱበት።

ዘይቱን ይጠንቀቁ። የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። የኑግ ዘይት በየቤቱ ስላለ ብዙ ሰው እርሱን ይቀባል፤ ሲቆይ ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል። ለጥገና ከሚመጡልኝ ማሽኖች ብዙዎቹን ያቆማቸው እርሱ ነው።