ድንጋዩን ገልብጣችሁ እዩ

ልጆቼ፣ ጂኦሎጂ የምትማሩም፣ ላብራቶሪ የገባችሁም፣ ገና ምን እንደምትሆኑ ያልወሰናችሁም፤ ዛሬ ስለ አንዲት ቁራ የምታክል ዳይኖሰር ላውራችሁ። ማይክሮራፕተር ትባላለች። በክሪቴሺየስ ዘመን፣ ከ120 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ሊያኦኒንግ በሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ቻይና አካባቢ ትኖር ነበር። የማነሳት ጅራቷ ባመጣው ጣጣ ነው።

እዚያ ገበሬዎች ቅሪተ አካል ቆፍረው ይሸጣሉ። ሙሉ ሆኖ የተገኘ ከስብርባሪው የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ስለዚህ ሙጫ ሥራ አይፈታም። (ገበሬው ላይ አልፈርድም፣ የልጆቹን እንጀራ ነው የፈለገው።) እናም በአንድ ወፍ ገላ ላይ የማይክሮራፕተር ጅራት ተለጠፈ። ዕቃው ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ፣ ቱሳን ላይ በሚደረገው የማዕድን ገበያ በ80,000 ዶላር ተሸጠ። አርኬዮራፕተር የሚል ስም ወጣለት፤ ዳይኖሰርንና ወፍን የሚያገናኘው ፍጡር ተገኘ ተባለ።

ገና ሳይታወጅ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የቅሪተ አካል ተመራማሪ የነበረው ቲሞቲ ሮው በሲቲ ስካን አይቶት ነበር። የተገጣጠመ ቁርጥራጭ ነው፣ ጅራቱ የዚህ ገላ ላይሆን ይችላል ብሎ ቅሪተ አካሉን ለያዙት ሰዎች ነገራቸው። ኔቸርና ሳይንስ የሚባሉት የምርምር መጽሔቶችም በቅሪተ አካሉ ላይ የተጻፈውን ጥናት አልቀበልም አሉ። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ግን የኅትመት ቀኑን ቆርጦ ነበርና እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1999 ጋዜጠኞች ጠርቶ አወጀ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ጉዱን ያወጣው ቻይናዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሹ ሺንግ ነው። ያኔ 30 ዓመቱ ነበር፤ ያልታተመው ጥናት ላይም የራሱ ስም ሰፍሯል። እንዲህ ዓይነቱ ስስ ድንጋይ ሲሰነጠቅ እንደ ባቄላ ክክ ሁለት ፊት ይሆናል፣ አጥንቱም በሁለቱም ላይ ይቀራል። ሹ አገሩ ገብቶ ሌላውን ፊት ሲፈልግ አገኘው። ጅራቱ ያው ነው፣ ድንጋዩ ላይ ያለው ቢጫ የዝገት ነጠብጣብ ሳይቀር ይገጥማል። ጅራቱ የተያያዘበት ገላ ግን የወፍ ሳይሆን የትንሽ ዳይኖሰር ነው። በታኅሣሥ ወር፣ ዓመቱ ሳይወጣ፣ ነገሩ ሐሰት ነው ብሎ ለጥናቱ ባልደረቦቹና ለናሽናል ጂኦግራፊክ ጻፈላቸው። በዚያ ዕድሜ፣ የገዛ ስምህ ባለበት ሥራ ላይ ይህን መጻፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ!

የሚገርመው፣ እውነተኛዋ ከተለጠፈው በልጣ ተገኘች። በ2000 ማይክሮራፕተር ተብላ ተሰየመች። በ2003 የተገለጹት ናሙናዎች እግራቸው ላይም ረጃጅም ላባ ስለነበራቸው ባለ አራት ክንፍ ተባለች። በ2012 ደግሞ ላባዋ ጥቁር ሆኖ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ እንደነበር ታወቀ። ሆዷ ውስጥ ወፍም፣ ዓሣም፣ እንሽላሊትም ተገኝቷል። ጅራቱ የተለጠፈበት ገላ ባለቤትም ያኖርኒስ የምትባል ሌላ ጥንታዊ ወፍ ሆና ወጣች። ሁለት ጥሩ ግኝት በሙጫ ተጣብቆ አንድ ውሸት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

እናንተም ናሙና ሲመጣላችሁ ማን ቆፈረው፣ ከየት ወጣ፣ በስንት እጅ አለፈ ብላችሁ ጠይቁ። ገልብጡት። አለቃችሁ "ቀኑ ደርሷል እኮ" ካለ (ይላል፣ እኔ ስንቴ ሰምቻለሁ መሰላችሁ) ጥርጣሬያችሁን ጻፉና ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ ላኩ፣ አንድ ቅጂም አስቀሩ። ሮው የተናገረው ናሽናል ጂኦግራፊክ ጋ ሳይደርስ ነው መንገድ ላይ የቀረው።