የድንቅነሽ ዕድሜ በምን ተለካ?

ጥያቄ፦ ስለ ዝግመተ ለውጥ ስንከራከር ጓደኛዬ «በካርቦን 14 ከ50,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አይለካም፤ ታዲያ ድንቅነሽን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ማን ሰጣት?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

መልስ፦ ስለ ካርቦኑ ጓደኛዎ ልክ ነው። ግን ድንቅነሽ በካርቦን አልተለካችም፤ እንዲያውም አጥንቷ ራሱ አልተለካም። የተለካው ሐዳር ላይ ከተገኘችበት ደለል አቅራቢያ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ድንጋይ ሲቀልጥ አርጎን የተባለው ጋዝ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ በአመዱ ክሪስታል (የማዕድን ቅንጣት) ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 የተባለው ራዲዮአክቲቭ የፖታሲየም ዓይነት ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ከፊሉም ወደ አርጎን ይለወጣል። የፖታሲየም 40 ግማሹ ለማለቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የተጠራቀመው አርጎን ዕድሜውን ይነግራል። ስሕተት የሚመጣው አመዱ ውስጥ የቆየ ክሪስታል ሲቀላቀል ነው፤ ዕድሜውን ያስረዝመዋል። ስለዚህ እያንዳንዷ ቅንጣት በሌዘር ለብቻዋ ቀልጣ ትለካለች፤ ዕድሜዋ ከሌሎቹ በጣም የራቀችው ተለይታ ትወጣለች። የእምነቱ ክርክር ሌላ ነው፤ እሱን ላቦራቶሪ አይፈታውም።